የትኛው ሜተድ ይጠራ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ስለ ኮምፓይለር ሥራ

ባለፈው እትም ኮምፓይለር ማለት በአንድ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈን ጽሑፍ አንብቦ፣ ስሕተቱን ለቅሞ፣ ማሽን ወይም ሌላ ፕሮግራም ሊያስፈጽመው ወደሚችል ቋንቋ የሚለውጥ ፕሮግራም መሆኑን በአጭሩ ገልጸን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጎጃም የደረሱን ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የተሰባሰቡ ናቸው፤ ይኸውም ክላስና ውርስ ላለው ቋንቋ፣ በተለምዶ ኦብጀክት ኦሪየንትድ ለምንለው፣ ኮምፓይለር እንዴት ይሠራል የሚለው ነው። ክላስ ማለት ፊልድ የሚባሉ መረጃዎችንና ሜተድ የሚባሉ፣ በመረጃዎቹ ላይ የሚሠሩ ተግባራትን የሚይዝ ንድፍ ነው፤ በንድፉ የሚፈጠረው እያንዳንዱ ነገር ኦብጀክት ይባላል፤ ውርስ ደግሞ ልጅ የሚባለው ክላስ የወላጁን ክላስ ፊልድና ሜተድ መውሰዱ ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን አዋሕደን፣ የረዘሙትን አሳጥረን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ እኛ በደብረ ማርቆስ የምንማር የመጨረሻ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ነን። ለመመረቂያ ሥራችን ክላስ፣ ውርስና ሜተድ ያለው አነስተኛ ቋንቋ ፈጥረን ኮምፓይለሩን ልንሠራለት አስበናል። አማካሪያችን ግን ሥራው በአንድ ሴሚስተር እንደማያልቅ ነግረውናል። ከየት ብንጀምር ይሻላል? የትኛውስ ቢቀርብን ይመክሩናል?

መልስ፦ የአማካሪያችሁ ስጋት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ሥራ ሳያልቅ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ከብዶ ሳይሆን ጊዜው ያለ ቦታው ስለሚባክን ነው። ጊዜ የሚበላውም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ፓርሰሩ፣ ማለትም ጽሑፉን በሰዋስው ሕግ የሚተነትነው ክፍል ነው። ተማሪዎች የቋንቋውን ሰዋስው ሲያስውቡና የፓርሰር ማመንጫ መሣሪያዎችን ሲያወዳድሩ ግማሹ ሴሚስተር ያልቅና፣ ኦብጀክት ኦሪየንትድ የሚባለው ነገር ከነጭራሹ ሳይነካ የማስረከቢያው ቀን ይደርሳል። ለእናንተ ዓይነቱ ቋንቋ ለእያንዳንዱ የሰዋስው ሕግ አንድ ፈንክሽን ጽፎ ፈንክሽኖቹ እርስ በርስ እንዲጠራሩ ማድረግ በቂ ነው፤ ጥቂት መቶ መስመር የሚፈጅ ሥራ ነውና ጨርሳችሁት እለፉ።

ይቅሩ የምላቸው ኤክሰፕሽን (የስሕተት አያያዝ)፣ ጀነሪክስ (ዓይነትን እንደ ግብዓት የሚቀበል ክላስ)፣ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሠራ ተግባር) እና ሜተድን በተመሳሳይ ስም ደጋግሞ መሰየም ናቸው። የምትይዟቸውም ክላስ፣ ከአንድ ወላጅ ብቻ የሚመጣ ውርስ፣ ፊልድ፣ ሜተድ፣ ሙሉ ቁጥር፣ እውነትና ሐሰት፣ ጽሑፍ፣ ቅድመ ሁኔታና ድግግሞሽ ናቸው። ለመመረቂያ ሥራ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ጊዜያችሁን በእውነት ልታፈሱበት የሚገባው የመጀመሪያው ቦታ የትርጉም ምርመራው ነው። አንድ ኮምፓይለር ክላሶችን ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ብቻ እያነበበ ሊመረምራቸው አይችልም፤ ምክንያቱም በ10ኛው መስመር ላይ የተጻፈው ደንበኛ የሚባል ክላስ፣ በ90ኛው መስመር ላይ የሚመጣውን ሒሳብ የሚባል ክላስ ሊጠቅስ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው በዙር ይከናወናል። በመጀመሪያው ዙር የክላሶቹ ስም ብቻ ይሰበሰባል። ቀጥሎ ማን ማንን እንደሚወርስ ይታይና ዙሪያ ጥምጥም ውርስ መኖር አለመኖሩ ይጣራል፤ ሁለት ክላሶች አንዱ ሌላውን ወርሶ ከተገኘና ኮምፓይለራችሁ ይህን ካልያዘ፣ የወላጅ ፍለጋው ማብቂያ ስለማይኖረው ኮምፓይለሩ ራሱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከዚያ የየክላሱ ፊልዶችና የሜተዶቹ አርዕስት፣ ማለትም ስማቸው፣ የሚቀበሉትና የሚመልሱት ዓይነት ይመዘገባል፤ ልጅ ክላስ የወላጁን ሜተድ በአዲስ ሲተካ አርዕስቱ ከወላጁ ጋር መስማማቱም የሚረጋገጠው እዚህ ላይ ነው። የሜተዶቹን ገላ መመርመር የሚጀመረው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ገላው ውስጥ ዋናው ሕግ አንድ ነው፤ የልጅ ክላስ ኦብጀክት የወላጅ ዓይነት ባለው ቫሪያብል ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ የወላጁ ግን በልጁ ቫሪያብል ውስጥ አይገባም።

አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቁጥር ብቻ የሚያትም ፕሮግራም ከንባብ እስከ አፈጻጸም ሁሉንም ደረጃ አልፎ እንዲሠራ አድርጉ። ከዚያ በኋላ የምትጨምሩት እያንዳንዱ ነገር በሁሉም ደረጃ አልፎ መሥራቱን የሚያሳዩ ትንንሽ የሙከራ ፕሮግራሞችን ከሚጠበቀው ውጤት ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጡና፣ ኮዱ በተነካ ቁጥር ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ አስኪዷቸው።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር በአንድ መሥሪያ ቤት በጃቫ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ቫሪያብሉ የወላጅ ክላስ ዓይነት ሆኖ በውስጡ ያለው ኦብጀክት የልጅ ክላስ ከሆነ የሚጠራው የልጁ ሜተድ መሆኑን ከሥራ ልምድ አውቃለሁ። ይሁንና ኮምፓይለሩ ኮዱን በሚያወጣበት ሰዓት የትኛው ኦብጀክት እንደሚመጣ ሊያውቅ አይችልም። ታዲያ ምን ብሎ ነው የሚጽፈው? ፍጥነትንስ አይጎዳም ወይ?

መልስ፦ የጠየቁት የጉዳዩን እምብርት ነውና ዘርዘር አድርገን እንመልሰዋለን። ጥያቄው ራሱ ከቋንቋዎቹ እኩል ያረጀ ነው። ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ ኦስሎ በሚገኘው የኖርዌይ የኮምፒውተር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት ሲሙላ 67 ውስጥ ክላስ፣ ውርስና ቨርቹዋል የተባለው፣ ልጅ ክላስ ሊተካው የሚችለው የሜተድ ዓይነት ነበሩ። ብያርነ ስትሮውስትሩፕ እ.ኤ.አ. በ1979 በቤል ላብስ ክላስን በሲ ቋንቋ ላይ መጨመር ሲጀምሩ መነሻቸው ይኸው ሲሙላ ነበር፤ ሥራቸውም በኋላ ሲ ፕላስ ፕላስ ተባለ።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ለቁጠባና ብድር ማኅበር የሚሆን ፕሮግራም እየጻፍን ነው እንበል። ሒሳብ የሚባለው ወላጅ ክላስ መለያና ቀሪ የሚባሉ ሁለት ፊልዶች፣ አስገባ፣ አውጣና መግለጫ የሚባሉ ሦስት ሜተዶች አሉት። ቁጠባ የሚባለው ልጅ ክላስ ደግሞ ወለድ የሚል ፊልድ ይጨምራል፤ ቀሪው ከተወሰነ መጠን እንዳይወርድ ሲል አውጣን በራሱ ይተካል፤ ወለድአስላ የሚል አዲስ ሜተድም ያክላል።

በ64 ቢት ማሽን ላይ እያንዳንዱ ፊልድ 8 ባይት ቢይዝ፣ የሒሳብ ኦብጀክት 24 ባይት ይሆናል። ከዜሮ የሚጀምሩት 8 ባይቶች የክላሱ የሜተድ ሠንጠረዥ የሚገኝበትን አድራሻ ይይዛሉ፤ በ8 ላይ መለያ፣ በ16 ላይ ቀሪ ይቀመጣሉ። የቁጠባ ኦብጀክት 32 ባይት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ 24 ባይቶች አቀማመጥ ከወላጁ በምንም አይዛነፍም፤ ወለድ የሚቀጠለው ከኋላ፣ በ24 ላይ ነው። ሠንጠረዡም እንዲሁ ነው። በሒሳብ ሠንጠረዥ ውስጥ ዜሮ ቁጥር ላይ የአስገባ፣ 1 ቁጥር ላይ የአውጣ፣ 2 ቁጥር ላይ የመግለጫ ኮድ አድራሻ ይገኛል። የቁጠባ ሠንጠረዥ ሲዘጋጅ የወላጁ ሠንጠረዥ እንዳለ ይገለበጣል፤ ከዚያ 1 ቁጥር ላይ ያለው አድራሻ በቁጠባ አውጣ ይተካል፤ ወለድአስላም 3 ቁጥርን ይይዛል። ሠንጠረዡ ለአንድ ክላስ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ሺሕ የቁጠባ ኦብጀክት ቢፈጠርም ሁሉም የሚያመለክቱት ወደዚያው ወደ አንዱ ነው።

እንግዲህ ኮምፓይለሩ ሒ.አውጣ(500) የሚል መስመር ሲያገኝ፣ የሒ የታወጀ ዓይነት ሒሳብ መሆኑን ያያል፤ አውጣ በሒሳብ ውስጥ 1 ቁጥር መሆኑንም ከመዝገቡ ያገኛል። የሚያወጣው ኮድ የኦብጀክቱን አድራሻ ያነባል፤ በዚያ አድራሻ መጀመሪያ ላይ ያለውን የሠንጠረዥ አድራሻ ያነባል፤ ከሠንጠረዡ መጀመሪያ 8 ባይት ፈቀቅ ብሎ ያለውን የኮድ አድራሻ ያነባል፤ በመጨረሻም ኦብጀክቱን ራሱን እንደ መጀመሪያ ግብዓት፣ 500ን እንደ ሁለተኛ ግብዓት አድርጎ ወደዚያ ኮድ ይሄዳል። በጃቫ ዚስ የሚባለው ነገር ይህ በስውር የሚተላለፈው የመጀመሪያ ግብዓት ነው። ኮምፓይለሩ የትኛው ኦብጀክት እንደሚመጣ አላወቀም፤ ማወቅም አላስፈለገውም። እርሱ የሚያውቀው ቁጥሩን ነው፤ ቁጥሩም በወላጁና በልጁ ዘንድ አንድ ነው። ኮምፓይል ሲደረግ የሚወሰነው ቁጥሩ፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚወሰነው በቁጥሩ ላይ የሚገኘው አድራሻ ነው።

ሒ ባዶ ከሆነ ደግሞ ሠንጠረዡን ለማንበብ የሚደረገው ሙከራ ወደ ዜሮ አድራሻ ስለሚሄድ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ስለዚህ ከንባቡ በፊት ባዶነቱን የሚያጣራ ኮድ መጨመር፣ ወይም የስርዓተ ክወናውን ምልክት ይዞ ወደ ተገቢ የስሕተት መልእክት መለወጥ ያስፈልጋል። ለጀማሪ ኮምፓይለር የመጀመሪያው ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታውን ማንሳት ግድ ይላል። በአንድ ክላስ ውስጥ አስገባ(ቁጥር) እና አስገባ(ጽሑፍ) የሚሉ ሁለት ሜተዶች ቢኖሩ፣ ከሁለቱ አንዱ የሚመረጠው በግብዓቱ የታወጀ ዓይነት ኮምፓይል ሲደረግ ነው። ልጁ የወላጁን ሲተካ ግን ምርጫው በኦብጀክቱ እውነተኛ ዓይነት ፕሮግራሙ ሲሠራ ይከናወናል። በሥራ ላይ «ለምን የልጁ አልተጠራም?» እያሉ ከሚያነሡት ቅሬታ ብዙው ሁለቱን አንድ አድርጎ ከማየት የሚመጣ ነው።

ስለ ፍጥነት ለጠየቁት፣ ሁለት ተጨማሪ የሚሞሪ ንባብ በራሱ ብዙ የሚያሳስብ አይደለም። ትልቁ ኪሳራ ኮምፓይለሩ የሚጠራውን ኮድ ስለማያውቅ ገላውን ወደ ጠሪው አምጥቶ ሊያዋሕደውና በዚያ ላይ ሌላ ማሻሻያ ሊያደርግ አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ጥሩ ኮምፓይለር የውርሱን ዛፍ ተመልክቶ፣ አውጣን የተካ ልጅ ከሌለ ጥሪውን ቀጥተኛ ያደርገዋል። በጃቫ አንድን ክላስ ፋይናል ማለት ለዚህ ዓይነቱ ውሳኔ ማረጋገጫ ይሰጣል፤ የጃቫን ፕሮግራም የሚያስፈጽመው ቨርቹዋል ማሽን ግን ፕሮግራሙ በሚሠራበት ጊዜ የተጫኑትን ክላሶች እያየ ራሱ ስለሚደርስበት፣ ለፍጥነት ብሎ ብቻ ፋይናል መጻፍ ብዙም ትርፍ የለውም።

ዓይነት በማይታወጅባቸው እንደ ስሞልቶክ ባሉ ቋንቋዎች ቋሚ ቁጥር መስጠት ስለማይቻል ሜተዱ የሚፈለገው በስሙ ነው። ፍለጋው እንዳይደጋገም በእያንዳንዱ የጥሪ ቦታ ላይ ባለፈው የተገኘውን ክላስና አድራሻ መመዝገብ የሚለውን ዘዴ ዶይችና ሺፍማን እ.ኤ.አ. በ1984 ለስሞልቶክ አቀረቡት። ዛሬ በድረ ገጽ ማሰሻ ውስጥ ያሉት የጃቫስክሪፕት ሞተሮች ከሚጠቀሙባቸው ዋና ዋና ዘዴዎች አንዱ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ከሞጣ ነው የምጽፍላችሁ። በትርፍ ሰዓቴ የሠራሁት ኮምፓይለር በሜተድ ሠንጠረዥ ይሠራል። ልጅ ክላስ በራሱ መግለጫ ውስጥ ወላጅ.መግለጫ() ብሎ ሲጠራ ግን ፕሮግራሙ ጥቂት ቆይቶ ስታክ (የጥሪዎች መመዝገቢያ ሚሞሪ) ሞላ ብሎ ይቆማል። ሰዋስውን ደጋግሜ አይቼ ምንም አላገኘሁም።

መልስ፦ ሰዋስውን ይተዉት፤ ችግሩ ኮድ በሚያወጣው ክፍል ውስጥ መሆን አለበት። እንደ ገለጹልን ከሆነ የወላጁን ጥሪ እንደ ማንኛውም ጥሪ በሠንጠረዡ በኩል አውጥተውታል። ኦብጀክቱ የልጁ ስለሆነ ሠንጠረዡም የልጁ ነው፤ በመግለጫ ቁጥር ላይ ያለው አድራሻም የልጁ መግለጫ ነው። ስለዚህ የልጁ መግለጫ ራሱን ይጠራል፤ የተጠራውም መልሶ ራሱን ይጠራል። የወላጅ ጥሪ ምን ጊዜም ቀጥተኛ መሆን አለበት፤ ኮምፓይለሩ ጥሪው የተጻፈበትን ክላስ ወላጅ ያውቃልና የወላጁን ኮድ በስሙ ይጻፍ። የጃቫ ባይትኮድም፣ ማለትም የጃቫ ኮምፓይለር የሚያወጣውና ቨርቹዋል ማሽኑ የሚያስፈጽመው ኮድ፣ ለሁለቱ የተለያየ ትእዛዝ ያለው ለዚህ ነው፤ ተራው ጥሪ በኢንቮክቨርቹዋል፣ የወላጅና የኮንስትራክተር (ኦብጀክት ሲፈጠር የሚሠራው ኮድ) ጥሪ ደግሞ በኢንቮክስፔሻል ይከናወናል።

ጥያቄ፦ በፍኖተ ሰላም የሁለተኛ ደረጃ የአይሲቲ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ጃቫ የሚያወጣው ባይትኮድ እንጂ የማሽን ኮድ አይደለም፤ ታዲያ ኮምፓይለር ነው ሊባል ይችላል?» ብለው ጠየቁኝ። በዚያውም፣ አንድ ጀማሪ ኮምፓይለሩ ወደ ምን እንዲተረጉም ቢያደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ለተማሪዎችዎ «አዎ» ብለው ሊመልሱላቸው ይችላሉ። የትርጉሙ መድረሻ የእውነተኛ ማሽን ኮድ መሆን የለበትም። የመጀመሪያው የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር ሲፍሮንት የሚያወጣው የሲ ቋንቋ ኮድ ነበር፤ የማሽን ኮድ ማውጣቱን በየማሽኑ ላይ ላለው የሲ ኮምፓይለር ተወለት። ጃቫ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ የመረጠው መንገድ ደግሞ ለቨርቹዋል ማሽን ባይትኮድ ማውጣትን ነው።

ለጀማሪ የእኔ ምርጫ ሲ ነው። ወደ ጃቫ ባይትኮድ መተርጎም ይቀላል፤ ሠንጠረዡን የሚያዘጋጀውም፣ ሚሞሪውን የሚያጸዳውም ቨርቹዋል ማሽኑ ነውና። ግን ልማር ብሎ የተነሣ ሰው ሊያየው የሚገባውን ነገር በሙሉ ሌላ ይሠራለታል። በአንጻሩ ክሪስ ላትነር እ.ኤ.አ. በ2000 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ኤልኤልቪኤም የተባለው የኮምፓይለር መሥሪያ ከፍተኛ ጥራት ያለው የማሽን ኮድ ያስገኛል፤ ይሁንና ራሱን መልመድ አንድ ሥራ ነው። በሲ ሲሆን ክላሱ ስትራክት (የፊልዶች ጥርቅም)፣ ሠንጠረዡም የፈንክሽን ፖይንተሮች (አድራሻዎች) ድርድር ይሆናል፤ ስሕተት ሲፈጠር የወጣውን ኮድ በዓይን አንብቦ መረዳት ይቻላል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ትምህርት ቤትም አንድ የሲ ኮምፓይለር ከተጫነ ሌላ የሚወርድ ነገር አይኖርም።

ጥያቄ፦ ከብቸና። በሲ ፕላስ ፕላስ አንድ ክላስ ሁለት ወላጅ ሊኖረው ይችላል፤ በጃቫ አይቻልም። ሁለት ወላጅ መኖሩ ተፈጥሯዊ ሆኖ ሳለ ለምን ተከለከለ?

መልስ፦ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ከመውጣቱ በፊት በጎጃም የነበረውን የርስት ሥርዓት የሚያስታውሱ አዛውንት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምስክር ናቸው። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይጠየቅ ስለነበር፣ አንድ ሰው ሐረጉን ሲቆጥር በሁለቱም በኩል ወደ አንድ ዋና አባት ሊደርስ ይችል ነበር፤ ያን ጊዜ ድርሻው አንድ ነው ወይስ ሁለት የሚለውን ደንብ ሳያስቀምጡ መዳኘት አይቻልም። በክላስም የሚያስቸግረው ይኸው ነው። ቁጠባና ብድር የሚባሉ ሁለት ክላሶች ከሒሳብ ቢወርሱ፣ ከሁለቱ የሚወርስ ጥምር የሚባል ክላስ በውስጡ አንድ ቀሪ ይኖረዋል ወይስ ሁለት?

ሲ ፕላስ ፕላስ ካልተነገረው በቀር ሁለት ያደርገዋል፤ ውርሱ ቨርቹዋል ከተባለ አንድ ይሆናል። ለኮምፓይለሩ ግን ዕዳው ከዚህ ያልፋል። ቀደም ሲል የልጁ አቀማመጥ በወላጁ አቀማመጥ ይጀምራል ብለናል፤ ሁለት ወላጅ ሲኖር ከፊት ሊቀመጥ የሚችለው አንዱ ብቻ ነው። ጥምር እንደ ብድር ሲታይ አድራሻው ወደ ውስጥ ፈቀቅ ማለት አለበት፤ ኦብጀክቱም ከአንድ በላይ የሠንጠረዥ አድራሻ ይይዛል፤ በሁለተኛው ሠንጠረዥ በኩል የተጠራ ሜተድ ሥራውን ከመጀመሩ በፊትም አድራሻውን ወደ ቦታው የሚመልስ ቁራጭ ኮድ መውጣት አለበት።

ጃቫ ወላጅ ክላስን አንድ፣ ኢንተርፌስን (ክላሱ ሊኖሩት የሚገቡ ሜተዶችን ዝርዝር) ብዙ አድርጎ አለፈው፤ በመጀመሪያው አሠራር በኢንተርፌስ ውስጥ የኦብጀክት ፊልድም ሆነ የሜተድ ገላ ስላልነበረ የሚጋጭ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ጃቫ 8 ኢንተርፌስ የሜተድ ገላ እንዲይዝ ሲፈቀድ ግን ግጭቱ ተመልሶ መጣ፤ ከሁለት ኢንተርፌስ አንድ ዓይነት ሜተድ ከነገላው የወረሰ ክላስ የራሱን ካልጻፈ ኮምፓይለሩ አልቀበልም ይላል። ፓይተን ከ2.3 ጀምሮ ወላጆቹን ሁሉ በአንድ ተራ የሚደረድር ስሌት አለው፤ ሜተዱ የሚፈለገውም በዚያ ተራ ነው። ለራሴ ቋንቋ ምረጥ ብባል የጃቫን እመርጣለሁ፤ ግጭቱን ፈቺው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ይሁን።

ጥያቄ፦ ዳንግላ የምገኝ ጀማሪ ነኝ። የክላስና የሜተድ ስሞችን በግእዝ ፊደል መጻፍ የሚያስችል ቋንቋ መሥራት እፈልጋለሁ። ከባድ ነው?

መልስ፦ ስሞቹን ብቻ ከሆነ ጃቫም ፓይተን 3ም አሁኑኑ ይቀበላሉ፤ የቁልፍ ቃላቱም ዝርዝር በአንድ ከሰዓት ይቀየራል። ያልታሰበ ሥራ የሚገኘው ጽሑፉን ወደ ቃላት በሚከፍለው ክፍል፣ በስካነሩ ውስጥ ነው።

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት፣ በዩኒኮድ 3.0 የገባ ሲሆን፣ ዋናው መደብ በአሥር ቤት ቁጥር ከ4608 እስከ 4991 ያለውን ቦታ ይዟል። ይህን ቁጥር በባይት በሚጽፈው በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ነው፤ ሀ ለምሳሌ 225፣ 136፣ 128 ተብሎ ይጻፋል። በሲ የተጻፈ ስካነር ባይቱን በካር ዓይነት ካነበበ በብዙ ማሽኖች ላይ 225 ወደ -31 ይለወጣል፤ ይህን ቁጥር ለድርድር መጠቆሚያ ያደረገ ፕሮግራም ደግሞ ያለ ቦታው ያነባል። ስለዚህ አንሳይንድ የተባለውን፣ አሉታዊ ቁጥር የማይይዘውን ዓይነት ይጠቀሙ። የስሕተት መልእክት የሚያመለክተው ዓምድም በባይት ከተቆጠረ በእያንዳንዱ ፊደል ሁለት ሁለት እየተሳሳተ ስለሚሄድ በፊደል ይቆጠር።

ከዚህ የሚከብደው አጻጻፋችን ነው። አንዱ ክላሱን ሠራተኛ ብሎ አውጆ ሌላው ሰራተኛ ብሎ ቢጠራው፣ ለእኛ አንድ የሆነው ስም ለኮምፓይለሩ 4640 እና 4656 በሚባሉ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች የሚጀምር ሁለት ስም ነው። የዩኒኮድ መደበኛ ማስተካከያም እነዚህን አንድ አያደርጋቸውም። የሀ፣ የሐና የኀ፣ የሰና የሠ፣ የአና የዐ፣ የጸና የፀ ቤተሰቦችን ለማወዳደሪያ ብቻ ወደ አንድ የሚመልስ ሠንጠረዥ ይሥሩ፤ ለማሳያ ግን ጸሐፊው የጻፈውን እንዳለ ያቆዩለት። ሌላው አራት ነጥብ ነው። ዓረፍተ ነገሩን በአራት ነጥብ ልዝጋ ካሉ፣ አንዳንዱ ጸሐፊ እውነተኛውን ።፣ ሌላው ሁለት ሁለት ነጥቦችን አጣብቆ ፡፡፣ ሦስተኛው ደግሞ የላቲኑን :: ይጽፋል። በዓይን አንድ የሚመስሉትን እነዚህን ሦስቱንም ስካነሩ እንደ አንድ ምልክት ካልተቀበላቸው፣ ተጠቃሚው ስሕተቱን ፈጽሞ ሊያየው ስለማይችል ተስፋ ይቆርጣል። የግእዝ ቁጥሮችን ግን ለስሌት እንዳያስገቧቸው እመክራለሁ፤ ዜሮ የላቸውምና።

ጥያቄ፦ ከቡሬ። ኦብጀክት የሚፈጥር ቋንቋ የማያስፈልጉትን የሚያጸዳ ጋርቤጅ ኮሌክተር የግድ ሊኖረው ይገባል? ካለው የኮምፓይለሩ ድርሻ ምንድን ነው?

መልስ፦ ለመጀመሪያው ስሪት አይገባም፤ ኦብጀክት እየፈጠረ የያዘውን ሚሞሪ ሳይመልስ የሚጨርስ አጭር ፕሮግራም በሚገባ ይሠራል፤ ሚሞሪውንም ፕሮግራሙ ሲያበቃ ስርዓተ ክወናው ይወስደዋል። ቀጥሎ ሲጨምሩት ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1960 ለሊስፕ ባቀረቡት መንገድ መጀመር ይሻላል፤ ከቫሪያብሎች ተነሥቶ ሊደረስባቸው የሚችሉትን ኦብጀክቶች ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ ምልክት የሌላቸውን ሰብስቦ ነጻ ማውጣት ነው።

የኮምፓይለሩ ድርሻ ሁለት መረጃ መስጠት ነው። አንደኛው በእያንዳንዱ ክላስ ውስጥ የሌላ ኦብጀክት አድራሻ የያዙት ፊልዶች በስንተኛው ባይት ላይ እንደሚገኙ ነው፤ ይህ ዝርዝር ከሜተድ ሠንጠረዡ ጋር አብሮ ቢቀመጥ ከማንኛውም ኦብጀክት ተነሥቶ ይገኛል። ከላይ ባየነው ምሳሌ ቀሪ ቁጥር ስለሆነ በዝርዝሩ ውስጥ አይገባም፤ ሒሳቡ ባለቤት የሚል ደንበኛን የሚያመለክት ፊልድ ቢጨመርበት ግን እርሱ ይገባል። ሁለተኛው በስታክ ላይ ያሉት ቫሪያብሎች ናቸው። ወደ ሲ በሚተረጉም ኮምፓይለር የሲው ኮምፓይለር ቫሪያብሎቹን በፕሮሰሰሩ ሬጅስተር ውስጥ ሊያስቀምጣቸው ስለሚችል፣ ቦታቸውን ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሜተድ ሲጀመር የኦብጀክት ቫሪያብሎቹን አድራሻ ለዚሁ በተለየ ድርድር ላይ እንዲያስመዘግብ፣ ሲጨርስም እንዲሰርዝ የሚያደርግ ኮድ ያውጡ፤ ከሜተዱ መሐል በሚመለስባቸው መውጫዎች ሁሉ መሰረዙን አጥብቀው ያረጋግጡ፤ ከተረሳ ኮሌክተሩ ያለቀ ሜተድ ቦታ እያነበበ የሌለ ኦብጀክት ምልክት ያደርጋል።